የደብረ ጭጋግ አሮጌው በር

ገብረሕይወት ስልክ ኦፕሬተር ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከደረጃው ሥር በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ሰውን ከሰው ሲያገናኝ ኖሯል። ዓይኑን ያጣው በአራት ዓመቱ በኩፍኝ ነው። ከዚያ በፊት ካየው ዓለም ትዝ የሚለው አንድ ቀይ ባልዲ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ቢሆን በእርግጥ አይቶት ይሁን ወይስ እናቱ ደጋግማ ስላወራችለት ያየው መስሎት ለይቶ አያውቅም።

የማይረሳው ነገር ድምፅ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት አንዴ ደውሎ የሰደበው ሰው ዛሬ ቢደውል፣ ገና «ሄሎ» ሲል ያውቀዋል። አውቆም ቶሎ አያገናኘውም፤ ትንሽ ያስጠብቀዋል። ጨዋ ሰው ነው እንጂ ቅዱስ ነው የሚል የለም።

ጨዋነቱ ግን ልክ አጥቷል። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ ክፉኛ ይዞታል፤ በሽታ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቀን ቸርችል ጎዳና ላይ ታክሲ ሲጠብቅ አንድ ደግ ሰው መጥቶ ክንዱን አፈፍ አደረገና «ኑ አባቴ፣ ላሻግርዎት» ብሎ ወደ ማዶ ይዞት ተሻገረ። ገብረሕይወት ማዶ ምንም ጉዳይ አልነበረውም። የሰውየውን ደግነት ላለማሳፈር ሲል ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መረቀው፤ ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀና ብቻውን፣ በመኪና ጡሩምባ እየተሰደበ ወደነበረበት ተመለሰ። ታክሲው አምልጦት ነበር።

ይህን የሰማችው ሚስጥር መጀመሪያ ሳቀች፣ ቆይታ ደግሞ ተናደደች። ሚስጥር የሟች እህቱ የትብለጽ ልጅ ናት፤ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ። በእናቷ ቋንቋ በትግርኛ «አኮይ» ትለዋለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

«‹አይ፣ አልሻገርም› ማለት ምን ያስቸግራል አኮይ?»

«ሰውየው ደስ ብሎት ነበራ» አላት።

እንዲህ ያለው ሰው እንደ ሰው የሚንቀሳቀስበት፣ ማንም ክንዱን የማይዝበት አንድ ቦታ ነበረው። ስሟ ደብረ ጭጋግ ነው።

ደብረ ጭጋግን በካርታ ላይ ቢፈልጓት አትገኝም። ጨዋታ ናት፤ ያውም ሥዕል የሌላት፣ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ የተሠራች። ኮምፒውተሩ «ድንጋይ ድልድይ ላይ ቆመሃል፤ በምሥራቅ ወፍጮ ቤት አለ፤ በሰሜን ጭጋግ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ተጫዋቹ «ሰሜን» ብሎ ይመልስና ጭጋጉ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሌሎች ሰዎች ያጋጥሙታል፤ ከየቤታቸውና ከየቢሯቸው በኢንተርኔት የገቡ እውነተኛ ሰዎች፣ ሁሉም በሚና ስማቸው። አንዱ አንጥረኛ ነው፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ የለየለት ሌባ። እየተጻጻፉ ይነግዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ከተማዋን የሠራት ፒያሳ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ካሊድ የሚባል ሰው ሲሆን፣ የምትኖረውም በእሱ ሱቅ ጓዳ፣ ከመደርደሪያው ሥር በተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር።

መግቢያዋ ካሊድ ራሱ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን ጭኖ ለከፈተ ሰው የሚታየው ጥቁር መስኮት ብቻ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጽሑፍ፣ ከግርጌው አንዲት መጻፊያ መስመር። ለሚያይ ሰው ዓይን ያዝ የሚያደርግ ነገር የለውም። ለገብረሕይወት ግን በዓለም ላይ እንደዚያ የተመቸ ነገር አልተሠራም። የእሱ ኮምፒውተር ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም አለው። በጥቁሩ መስኮት አዲስ መስመር በወረደ ቁጥር ድምፁ ወዲያው ያነብለታል፣ እሱ ይጽፋል፣ ደግሞ ያነብለታል። ሥዕል የለ፣ ጠቅ የሚደረግ ነገር የለ፣ የሚያመልጠው ነገር የለ። የካሊድ ፕሮግራም በዚያ ላይ ለየነገሩ ድምፅ ይመድባል፤ ሽፍታ ሲመጣ ከበሮ ይመታል፣ አንድ ሰው ለእሱ ብቻ በሹክሹክታ ሲጽፍለት ትንሽ ደወል ትጮኻለች።

በከተማዋ ውስጥ ስሙ ጭልፊት ነው። ስሙን የመረጠ ቀን ለብቻው ስቋል። ሥራው መንገድ መሪነት ነው፤ ጭጋጉ ውስጥ የጠፉ አዳዲስ ተጫዋቾችን ይዞ ያወጣል። ጭጋጉ ውስጥ ጽሑፉ ስለ መንገዱ ምንም አይናገርም፤ እርምጃን ቆጥሮ፣ መታጠፊያን በልብ ይዞ መሄድ ነው። የሚያይ ሰው አሥር እርምጃ ሳይሄድ ይጠፋበታል። ገብረሕይወት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እርምጃ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ጎዳና ላይ ያገኘው ሁሉ እየጎተተ የሚያሻግረው ሰውዬ፣ በምሳ ሰዓት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ሰባትና ስምንት ሰው አስከትሎ ይሄድ ነበር። «ጭልፊት የት ነህ? ጠፋን» ይሉታል። «ተከተሉኝ» ይላቸዋል። ይህን ቃል በሌላ ቦታ ለማንም ብሎት አያውቅም።

ዓይነ ስውር መሆኑንም ለማንም አልተናገረም። ማን ይናገራል? ቢናገር ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ተከተሉኝ» ሲላቸው የሚያደንቁት መንገዱን ስላወቀ ሳይሆን እንደዚያ ሆኖ ስላወቀ ነው። እንዲህ ያለውን አድናቆት ከልጅነቱ ጀምሮ እስኪያቅለሸልሸው ጠጥቶታል።

ሌላዋ መንገድ መሪ ቆቅ ናት። ጭልፊትና ቆቅ አብረው ሲሄዱ ያዩ ተጫዋቾች «ኧረ ይቺን ወፍ አድኗት» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። የጭጋጉን መንገድ እንደ እሱ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። መጀመሪያ ላይ ይፎካከሩ ነበር፤ ኋላ ሥራውን ተካፈሉት፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ መንገደኞቹ መሐል። ሰዉን ካደረሱ በኋላ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው በሹክሹክታ ያወራሉ። ደወሏ ትጮኻለች፤ «ዛሬስ ምሳህን በላህ?» ትለዋለች። ፒያሳ ተወልዳ እንዳደገች፣ ባሏ ትቷት እንደሄደ፣ ልጅ እንደሌላት፣ በኬክ ቤቶቹ ደጅ ስታልፍ ዛሬም እንደ ልጅ ምራቋን እንደምትውጥ ነግራዋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምናልባት አምስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። «አንድ ቀን ማኪያቶ እንጠጣ» ተባብለዋል። ሁለቱም «እሺ» አሉ፤ ሁለቱም ቀን አልቆረጡም።

ይወዳት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይወዳት ነበር። ድምፅዋን ግን አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም። ቃሏን የሚያነብለት ያ የኮምፒውተር ድምፅ ነው፤ ማጥበቅና ማላላት የማያውቅ ደረቅ የወንድ ድምፅ፣ የሽፍታውንም የእሷንም ንግግር በአንድ ዜማ የሚያወርድ። እንዲያም ሆኖ ደወሏ ስትጮህ ደረቱ ውስጥ የሚሰማው ነገር የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው አይመስልም።

የማኪያቶውን ቀን ያልቆረጠው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ነጭ በትሩን ይዞ ካፌ ሲገባ፣ አስተናጋጁ ክንዱን ይዞ ወንበር ላይ ሲያስቀምጠው፣ እሷም ጭልፊትን ስትጠብቅ እሱን ስታገኝ፣ የምትናገረው ቃል እስክታገኝ ድረስ ዝም የምትልባት አንዲት አፍታ አለች። ያቺን አፍታ ይፈራታል። ከሰው ሁሉ ሰምቷታል፤ ከእሷ ግን መስማት አልፈለገም።

ከዚያ ፒያሳ መፍረስ ጀመረ። የካሊድ ሱቅ ያለበት አሮጌ ፎቅም እንዲለቀቅ ተነገረ። አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ካሊድ ተጫዋቾቹን በሙሉ ደብረ ጭጋግ አደባባይ ላይ ሰበሰበ። አርባ ሰው ያህል መጣ። ካሊድም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ወገኖች፣ ከተማችንን ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ላስቀምጣት ነው። ከእንግዲህ በብሮውዘር ነው የምትገቡት። ምንም መጫን የለ፣ በስልክም ይሠራል፣ ካርታና ሥዕል አለው፤ ታብዳላችሁ! አሮጌው በር ግን፣ ፕሮግራሙን ማለቴ ነው፣ ከአዲሱ ሰርቨር ጋር አይግባባም። እንዲግባባ ከተፈለገ ቁጭ ብዬ እንደገና መጻፍ አለብኝ። አንድ ሰው እንኳ ‹ያለ ፕሮግራሙ አይሆንልኝም› ካለ እጽፈዋለሁ። ስለዚህ አሁኑኑ ተናገሩ።»

አደባባዩ በደስታ ተናጋ። «በስልክ! ታክሲ ውስጥ ሆኜ ልዘርፍ ነው» አለ ሌባው። «ያ ጥቁር መስኮት የተቃጠለ ቴሌቪዥን ነው የሚመስለኝ፣ ይቀበር» አለች ሐኪሟ። ደረቁ ድምፅ ሁሉንም በአንድ ዜማ አነበበለት።

ገብረሕይወት ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። «እኔ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ከ«እኔ» ቀጥሎ ግን «ለምን?» ይመጣል፤ በአርባ ሰው ፊት፣ ቆቅ ባለችበት። ደግሞስ ሱቁ በላዩ ላይ እየፈረሰበት ያለ ሰው ላይ እንዴት ሥራ ይጨመራል? ለአንድ ሰው ብሎ ስንት ቀን ይልፋ? ገብረሕይወት እስከ ዛሬ ያልለመደው ነገር የለም፤ ይህንንም ይለምደዋል። እንዲህ እያለ ራሱን ሲያባብል ካሊድ በስም ጠራው።

«መንገድ መሪዎቹስ? ጭልፊት፣ ከሁላችንም በላይ እዚህ የምትውሉት እናንተ ናችሁ።»

«ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ጻፈ ገብረሕይወት። «አንተ እንደተመቸህ።»

ጥቂት ቆይቶ ደረቁ ድምፅ አነበበ፤ «ቆቅ፦ ለእኔም። አትቸገር።»

ለእሷማ ምን አለበት፣ ዓይን ላለው ሰው ይህም ያም አንድ ነው ብሎ አሰበ።

አሮጌው በር የተዘጋው አርብ ነው። የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጡ። እሱ «ስልክ ቁጥሬን ልስጥሽ» ብሎ ጽፎ ጨርሶ ነበር፤ መላኪያውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረው። ደወሏ ቀደመችው።

«ሰኞ በአዲሱ በር እንገናኛለን፣ አይደል?»

የጻፈውን አጠፋ። «እንገናኛለን» አላት።

«ደስ ይላል» አለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ድምፁ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» ብሎ አነበበና ዝም አለ።

ሰኞ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን አስገብቶ በአዲሱ በር መመዝገብ ብቻ የምሳ ሰዓቱን ሙሉ በላው። ማክሰኞ ገባ። ድምፁ ማንበብ ጀመረ፤ «ደብረ ጭጋግ። ዋና ገጽ። ስለ እኛ። ሥዕል። ሥዕል። ሥዕል። በተን። በተን። በተን።» የሚጫን ነገር እንዳለ ይነግረዋል እንጂ ሲጫን ምን እንደሚሆን አይነግረውም። ሰዎቹ የሚያወሩት ከገጹ ግርጌ ነው። እዚያ ለመድረስ ሠላሳ ነገር እየዘለለ መውረድ አለበት፤ ሊደርስ ሲል አንድ ሰው አንድ ነገር ይጽፋል፣ ገጹ ይለወጣል፣ ድምፁም ተመልሶ ከራስጌው ይጀምራል። «ደብረ ጭጋግ። ዋና ገጽ። ስለ እኛ።» አንጥረኛው «ጭልፊት መጣ!» ማለቱን የሰማው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። መልስ ጽፎ ሲልክ አንጥረኛው ሄዷል።

ሐሙስ ዕለት እልህ ያዘውና ሦስት አዳዲስ ሰዎች አስከትሎ ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ሽፍቶች መጡ። ከበሮ የለም። ሽፍቶቹ መምጣታቸውን የሚናገረውን መስመር ሲያገኘው ሦስቱም ተገድለው ነበር። ከሥሩ ሌላ መስመር ነበረ፤ «ጭልፊት ምን ነካህ? ተኛህ እንዴ?» ከዚያም የሌላ ሰው፤ «መንገድ መሪ ምን ያደርግልሃል፣ ካርታው ላይ መንገዱ በቀይ ተሠምሯል፤ እሱን ጠቅ አድርግ።»

ገብረሕይወት ማዳመጫውን አወለቀ። ያንን መንገድ ለመያዝ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነገሩን ሁሉ ለሚስጥር ነገራት። ስለ ቆቅ ሲነግራት አንገቱ ላብ በላብ ሆነ። ሚስጥር አላሾፈችበትም፤ በስልኳ ገብታ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ፈለገች።

«ቆቅ የሚባል የለም አኮይ። አልተመዘገበችም።»

«ሰልችቷት ይሆናል» አለ።

«እንግዲያው እኔ እያነበብኩልህ ተጫወት። የምትለኝን እጽፋለሁ።»

በጭልፊት ስም ገብተው ተጫወቱ። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። «ዛፍ አለ፣ የሚያምር ሥዕል ነው፣ ቆይ ላሳይህ… ይቅርታ አኮይ።» ግማሽ ሰዓት ያህል ደስ ያለው መስሎ ቆየ። ልጅቷ በዕረፍት ቀኗ ለእሱ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ እንዴት በቃኝ ይላል? በመጨረሻ ራሴን አሞኛል ብሎ ተነሣ። ደብረ ጭጋግ ውስጥም ክንዱን ይዘው ያሻግሩት ጀመር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን በዝምታ ይበላ ጀመር።

አንድ ወር አለፈ። ሚስጥር አልተወችውም፤ «ሄደህ ለሰውየው ንገረው፤ አንድ ሰው እንኳ ካለ ብሏል እኮ» እያለች ነዘነዘችው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ወጣ። ካሊድ አሁን ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ ባለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገብረሕይወት ይህን መንገድ በጆሮውና በአፍንጫው ነበር የሚያውቀው፤ የወርቅ ቤቶቹ መዶሻ፣ የኬኩ ሽታ፣ ሰባራው የእግረኛ ድንጋይ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት እርምጃና መታጠፊያ። አሁን መንገዱ ሰፊና ልሙጥ ሆኗል። ለሚያይ ሰው አምሮበታል ይላሉ። በትሩን ቢያስኬድ የሚነካው ምንም ነገር አጣ፤ ከጊዮርጊስ እስከዚያ ድረስ ሦስት ጊዜ ሰው ጠየቀ። ተወልዶ ባደገበት ፒያሳ መንገድ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው።

«ካሊድ የሚባል እዚህ ነው?»

«አለሁ ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ። ስልክ ነው የተበላሸብዎት?»

«አይደለም። ጭልፊት ነኝ።»

ካሊድ ዝም አለ። ገብረሕይወት ያቺን አፍታ ዘጠኝ ዓመት ሸሽቷት አሁን ቆሞ ጠበቃት። እንደፈራት አልነበረችም፤ ካሰበው በላይ ግን ረዘመች።

«መንገድ መሪው?» አለ ካሊድ በመጨረሻ።

«ነበርኩ።»

«ኧረ በአላህ!» ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። «ለምን አልነገሩኝም? ‹አንድ ሰው እንኳ ካለ› አላልኩም? በስም ጠርቼ ጠይቄዎት ነበር እኮ!»

«ላስቸግርህ አልፈለግኩም። ሱቅህ እየፈረሰ ነበር።»

«ሱቁማ ፈረሰ! ፕሮግራሙ ግን የአሥር ቀን ሥራ ነበር፣ አሥር ቀን!» ካሊድ ተነሥቶ ወዲህ ወዲያ ተንጎራደደ። «ምን ሆናችሁ ነው እናንተ ሰዎች? እሷም ልክ እንደዚሁ ነው ያለችኝ።»

«ማን?»

«ቆቅ።»

ገብረሕይወት በእጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ካሊድ ነገሩን ሁሉ ነገረው። አሮጌው በር ከተዘጋ ሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ሴት ነጭ በትር ይዛ፣ በጎረቤቷ ተመርታ መጣች። ቆቅ ነኝ አለች። አዲሱን በር ሞክራ አልሆነላትም፤ የእሷም ድምፅ «በተን፣ በተን» ከማለት አላለፈም። ለክስ ግን አልመጣችም። የመጣችው አንድ ነገር ልትጠይቅ ነበር።

«‹ጭልፊት በአዲሱ በር ገብቷል?› አለችኝ። ዝርዝሩን አየሁ። ማክሰኞ ገብተዋል፣ ሐሙስ ገብተዋል፣ እሑድ ግማሽ ሰዓት ተጫውተዋል። ‹አዎ፣ ገብቷል፣ በጣም ተመችቶታል፣ ደስ ብሎት ይጫወታል› አልኳት።»

«ደስ ብሎታል ያልከው ከየት አምጥተህ ነው?»

«እንዲያው… ደስ እንዲላት ብዬ ነው ጋሼ።»

«ምን አለች?»

«‹እንኳን› አለች። ‹እንደመጣሁ አትንገረው። ካወቀ እኔን ሲጠብቅ ይቀራል፤ ጨዋታውን አላበላሽበትም› አለች። ፕሮግራሙን ልሥራልሽ ብላት ‹ለእኔ ብቻ ብለህ አትልፋ› ብላ ተነሣች።»

«ስልኳን ተቀብለሃል?»

«ልጠይቃት ስል… ሆድ ብሷት ነበር፣ ማስጨነቅ መሰለኝ።»

«እውነተኛ ስሟንስ?»

«ቆቅ ነው ያለችኝ። ቤታቸው ፈርሶ ወደ ዳር እንደወጡ ጎረቤቷ ነግራኛለች፤ የት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።»

ገብረሕይወት አሰበ። ከተማው ሰፊ ነው፤ እሱ ግን ስልክ ኦፕሬተር ነው። አንድ ነገር ቢይዝ፣ አንዲት «ሄሎ» ከሺህ «ሄሎ» መካከል ለይቶ ያወጣል።

«ድምፅዋ እንዴት ያለ ነው?» አለ።

«ቀጠን ያለች፣ ጠየም ያለች ሴትዮ ናት። አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳ…»

«ድምፅዋን ነው የጠየቅኩህ። ወፍራም ነው ቀጭን? ስትናገር ትፈጥናለች? ቃል ትጎትታለች?»

ካሊድ ብዙ አሰበ። «ደህና ድምፅ ነው» አለ። «ልብ አላልኩትም ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

ካሊድ ቃሉን ጠብቆ አሮጌውን በር በአሥር ቀን ጻፈው። ይሠራል። ከበሮው ይመታል፣ ደረቁ ድምፅ መስመር ሳያመልጠው ያነባል። ደወሏ ግን አትጮኽም። ሴትየዋ በሩ እንደገና መከፈቱን በምን ታውቃለች? ገብረሕይወት የዓይነ ስውራን ማኅበር ሄዶ ጠየቀ። ጸሐፊዋ «ስሟ ማን ነው?» አለችው። «ቆቅ» አላት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጸሐፊዋ ግን አልሳቀችም፤ ከፒያሳ ተነሥተው በየዳርቻው የተበተኑ አባላት ብዙ መሆናቸውንና የግማሾቹ ስልክ እንደማይሠራ በትሕትና ነገረችው። ቤት ሲገባ ሚስጥር ፊት አለቀሰ። እህቱ ስትሞት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም ነበር።

በመጨረሻ ካሊድ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ማስታወቂያ እንለጥፍ አለ። ገብረሕይወት እየተናገረ ካሊድ ጻፈው። «ጭልፊት ዓይነ ስውር ነው። አዲሱ በር አልተመቸውም፤ ደስም አላለውም። ቆቅን ይፈልጋታል። የምታውቋት ንገሯት» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥሩና እውነተኛ ስሙ አለ። የተለጠፈው አዲሱ በር ላይ፣ ዋናው ገጽ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል በተሠራ የሚያምር ሥዕል ውስጥ ነው፤ ደረቁ ድምፅ ሲደርስበት «ሥዕል» ብሎ ብቻ ያልፈዋል። ተጫዋቾቹ ያሉት እዚያ ስለሆነ ሌላ የሚለጠፍበት ቦታ አልነበረም።

ሚስጥር እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኳን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«መቶ አርባ ሰው ጽፏል አኮይ።»

«አንብቢልኝ።»

«‹ጀግና ነህ› ይላል። ‹አስለቀስከን› ይላል። ‹እንደዚያ ሆነህ መንገድ ስትመራን ነበር? የሚገርም ነው።› ይሄኛው ደግሞ ‹ተኛህ እንዴ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ› ይላል።»

«ሌላስ?»

«ልብ ልከዋል። የልብ ሥዕል፣ ብዙ ነው።»

«ሌላስ?»

ሚስጥር እስከ ታች ወረደች፤ ጣቷ መስታወቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማው ነበር። አንዱም የቆቅ አልነበረም፤ ቆቅን አውቃታለሁ ያለም አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ለአንዲት ሴት መንገር ያቃተውን ነገር አሁን ከእሷ በቀር ሁሉም ሰው ያውቀዋል።